ከአሮጌ ፎቶ ላይ ያልተለመደ ቀደምት የኤሌክትሪክ መኪና እንዴት ይለያል?

ፈረስ የተፈታለት ሰረገላ የመሰለ መኪና በአሮጌ ፎቶ ላይ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚቸኩለው ስም ለማውጣት ነው። ስም ግን መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ነገር ነው። ከ1890ዎቹ እስከ 1920ዎቹ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በእንግሊዝ የኤሌክትሪክ መኪና የሠሩ ድርጅቶች ብዙ ናቸው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አካሉን የሚሠሩት በአብዛኛው የሰረገላ ባለሙያዎች ስለነበሩ የአንዱ ድርጅት መኪና ከሌላው ጋር መንታ ይመስላል። ስለዚህ ዓይን የሚስበውን አካል ለጊዜው ትተው ከሥሩ ያለውን ብረት ይመርምሩ፤ ጎማውን፣ ባሌስትራውን (መኪናውን የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ)፣ ኃይል የሚተላለፍበትን መንገድ፣ የመሪውን ዘንግ፣ እንዲሁም የእነዚህን መጠን እርስ በርስ ያነጻጽሩ። አምራቹ በየዓመቱ የማይቀያይረው እሱን ነው።

ፎቶውን ማዘጋጀት

የሚሠሩት ከዋናው ፎቶ እንጂ ከኢንተርኔት ከወረደ ቅጂ ላይ አይሁን። ፖስት ካርድ የሚያህል ፎቶ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት)፣ ከዚያ ያነሰው በ2400 ዲፒአይ ስካን ይደረግ። ፋይሉ በቲፍ ይቀመጥ። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ሲጨምቀው በፊደላት ዙሪያ ትናንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች ይፈጥራል፤ የሚፈልጉት ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎማው ሞዞ (የመሃሉ ማዕከል) ክዳን ላይ ያለችው ሩዝ የምታህል ፊደል ናት። ጀርባውንም በቀለም ስካን ያድርጉ፤ የደበዘዘ ቀለምና የእርሳስ ጽሑፍ በጥቁርና ነጭ ስካን ይጠፋል። ጥቁሩ ክፍል እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ፎቶ ከሆነ ስካነሩ ብልጭታውን ብቻ ስለሚያነሳ፣ መብራቱን ከጎን በ45 ዲግሪ አድርጎ በካሜራ ማንሳት የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ብርሃኑንና ጥቁረቱን ከማስተካከል ያለፈ ነገር አያድርጉ። የደበዘዘ ፎቶን «አጥርቶ» የሚያወጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለዚህ ሥራ መርዝ ነው፤ የሌለ ፊደል ይጽፋል፣ የጎማ ራጂ (ከሞዞው ወደ ጠርዙ የሚዘረጋ ዘንግ) ይጨምራል፣ ደብዛዛውን ሳጥን ራዲያተር ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ የተመሠረተ መለየት ከጅምሩ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ፎቶው ግራና ቀኙ ተገላብጦ እንዳልታተመ ያረጋግጡ። የመስታወት ኔጌቲቭ በተሳሳተ ፊት ሲታተም ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ የመሪው ጎን ደግሞ ከዋና ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ስህተቱ ውድ ነው። የሱቅ ጽሑፍ ወይም ታርጋ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ከሌለ የወንዶቹን ኮት ይመልከቱ፤ የወንድ ኮት ሲቆለፍ የለባሹ ግራ በቀኙ ላይ ይደረባል። ኔጌቲቩ ራሱ እጅዎ ላይ ካለ፣ ድብዝዝ ያለው ፊት ኬሚካሉ የተቀባበት ነው፤ የሚያንጸባርቀውን ፊት ወደ ራስዎ አዙረው ሲያዩት ምስሉ በትክክለኛው ጎኑ ይታያል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር እዚህ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን የፎቶ ኬሚካል ቀይ ብርሃን አይቀበልም ማለት ይቻላል፣ ሰማያዊን ግን አብዝቶ ይቀበላል። ቀይ መኪና ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊው ነጣ ይላል፣ ቢጫው ከሚገባው በላይ ይጠቁራል። «ጥቁር መኪና» ብሎ መዝግቦ ጥቁር ሞዴል ፍለጋ መውጣት ከንቱ ድካም ነው።

ኤሌክትሪክ መሆኑን ማረጋገጥ

ራዲያተር የለም፣ በእጅ የሚዞር ማኖቬላ የለም፣ ማርሚታና (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) የጭስ ቱቦ የለም። እነዚህ ሦስቱ አብረው ሲጎድሉ ኤሌክትሪክ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ግን ያሳስታል። ከ1901 እስከ 1907 የተሠራው ኦልድስሞቢል ባለ ጥምዝ የፊት ሰሌዳ ቤንዚን የሚጠጣ ሆኖ ሳለ ኮፈን የለውም፣ የሚመራውም በክብ መሪ ሳይሆን በዘንግ ነው፤ ማኖቬላው ያለው ከወንበሩ ሥር በጎን በኩል ነው። ፍራንክሊን በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። የቀደምት ሬኖ ራዲያተር ከኮፈኑ ኋላ ስለሚቀመጥ ከፊት አይታይም። በእንፋሎት የሚሄዱት ሎኮሞቢልና ስታንሊ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይምታታሉ፤ እነዚህን የሚያጋልጣቸው የጭስና የእንፋሎት መውጫው፣ የውኃ መጠን ማሳያ ብርጭቆውና ቦይለሩ ነው። በኋለኞቹ ስታንሊዎች ላይ ቦይለሩ ከፊት በክብ ኮፈን ሥር ይቀመጣል።

መኖሩ የሚያረጋግጥ ምልክት ከመጉደሉ ይበልጣል። በአሜሪካ ዝግ ኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ ነጂው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከኋላው ወንበር በግራ ነው፤ ከጎኑ ሁለት ዘንጎች ይወጣሉ፣ ረጅሙ ለመሪ፣ አጭሩ ለፍጥነት። ከፊት ያለው ተሳፋሪ ፊቱን ወደ ነጂው አዙሮ ይቀመጣል። በመስኮት በኩል ይህን አቀማመጥ ካዩ ጉዳዩ አለቀ ማለት ይቻላል። ከፊትና ከኋላ እኩል የሚመስሉ ሁለት ኮፈኖች ሌላው ጠንካራ ምልክት ናቸው፤ ሁለቱም የባትሪ ማስቀመጫ ናቸው። መብራቶቹንም ይዩ፤ የዘይት ፋኖስ ከላይ የጭስ መውጫ አለው፣ የኤሌክትሪኩ የለውም፣ ለካርባይድ ጋዝ የሚሆነው በርሜልም በእግር መርገጫው ላይ አይኖርም።

ፎቶው ጋራዥ ውስጥ ከተነሳ ግድግዳውን ይቃኙ። የእምነበረድ ወይም የጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ፣ በላዩ ማብሪያዎችና መለኪያዎች፣ አጠገቡ ደግሞ ትልቅ የመስታወት አምፖል ካለ የባትሪ መሙያ ነው። ፒተር ኩፐር ሂዊት በ1902 ይፋ ያደረገው በሜርኩሪ የሚሠራ የጅረት መለወጫ እንዲህ ይታይ ነበር። ኮፈኑ ተከፍቶ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ በእንጨት ትሪ የተደረደሩ ጥቁር የጎማ ማሰሮዎች የእርሳስ ባትሪ ናቸው፣ ረዣዥም የሚያብለጨልጩ የብረት ጣሳዎች ከሆኑ የኤዲሰን የኒኬልና የብረት ባትሪ ነው። ይህ የኤዲሰን ባትሪ በመኪና ላይ በስፋት የታየው ከ1910 ገደማ ወዲህ ስለሆነ ለፎቶው የታችኛውን የዓመት ገደብ ያስቀምጣል።

ሴት ስለነዳችው ብቻ ኤሌክትሪክ ነው ማለት ግን አይቻልም። ማስታወቂያዎቹ ሴቶችን ያነጣጠሩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ቤንዚን የነዱ ሴቶችም፣ ኤሌክትሪክ የነዱ ሐኪሞችና ነጋዴዎችም ብዙ ነበሩ።

የትኛው ነው ፊቱ?

ሁለቱ ጫፎች ሲመሳሰሉ ይህ ጥያቄ የምር ነው። የሚዞሩትን ጎማዎች ይፈልጉ፤ ከአክስሉ ጫፍ ላይ መገጣጠሚያና የመሪ ዘንግ ይኖራቸዋል፣ ጎማዎቹም ትንሽ ዞረው ከቆሙ ወዲያው ይታወቃል። የኃይል ማስተላለፊያው ያለበት አክስል ደግሞ መሃሉ ላይ ያበጠ ነው፤ የዚያ ጎማ ራጂዎችም ብዙ ጊዜ በቁጥር ይበዛሉ ወይም ይወፍራሉ። ነገር ግን ኃይል የሚያገኘው ጎማ ኋላ ነው ብለው አይደምድሙ። በፊላደልፊያ ሄንሪ ሞሪስና ፔድሮ ሳሎም ከ1894 ጀምሮ የሠሯቸው ኤሌክትሮባት የተባሉ መኪናዎችና ከእነሱ የተወለዱት የኒው ዮርክ ታክሲዎች የሚጎተቱት በፊት ጎማ፣ የሚዞሩት በኋላ ጎማ ነበር፤ የታክሲዎቹ ነጂም ከተሳፋሪው ኋላ ከፍ ብሎ ይቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ፎቶ ገልብጦ የሚያነብ ብዙ ነው።

ከሥር ያለው ብረት

እዚህ ጊዜ ወስዶ መሥራት ይከፍላል። ከሥር ያለውን ጥላ እስኪገለጥ ድረስ ብርሃኑን ከፍ አድርገው የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይመዝግቡ።

ካቴናው (ኃይል የሚያስተላልፈው ሰንሰለት) ስንት ነው፣ የትስ ነው? በአንድ ካቴና መሃል ላይ የሚነዳ መኪና ቀለል ያለ የግል መኪና መሆኑን፣ በግራና በቀኝ ሁለት ካቴና ያለው ከባድ መኪና ወይም የጭነት መሆኑን ይጠቁማል። ምንም ካቴና ካልታየና ከአክስሉ መሃል ወደ ፊት የሚሄድ ዘንግ ካለ፣ በአሜሪካ የግል መኪናዎች ዘንድ ከ1910 አካባቢ ወዲህ ያለውን ጊዜ ይጠቁማል፤ ቤከርና ዲትሮይት ኤሌክትሪክ በዚያ ወቅት ነው ከካቴና ወደ ዘንግ የተሻገሩት። አሮጌ ሞዴል በካቴና መሸጡ ለጥቂት ጊዜ ስለቀጠለ ካቴና መኖሩ ብቻውን «ከ1910 በፊት» አያሰኝም።

ሞተሩ ከጎማው ጋር ከተጣበቀ ወደ አውሮፓ ያስቡ። በፓሪስ የሉዊ ክሪጌር መኪናዎች ለእያንዳንዱ የፊት ጎማ አንድ ሞተር ነበራቸው፤ በፎቶ ላይ ከፊት ጎማዎቹ አጠገብ ድብልብል ያለ እብጠት ሆኖ ይታያል። በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የቀረበው ሎነር ፖርሸ ደግሞ ሞተሩን የፊት ጎማው ሞዞ ውስጥ ስለከተተው፣ የጎማው መሃል ከበሮ አክሎ ራጂዎቹ አጫጭር ሆነዋል። በቺካጎ የተሠራው ዎከር የጭነት መኪና ሞተሩ በኋላ አክስል ውስጥ ስለሆነ የኋላ ጎማዎቹ ራጂ የሌላቸው ድፍን ሰሌዳዎች ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በትንሽ ፎቶ ላይም ሳይቀር ይለያሉ።

ባሌስትራው ሙሉ ሞላላ ነው ወይስ ግማሽ? ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ከጫፉ ነው ወይስ ከመሃሉ? የራጂዎቹን ቁጥር ከፊትና ከኋላ ለየብቻ ይቁጠሩ። ግማሹ በፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ባለው የጭቃ መከላከያ) ከተሸፈነ በሁለት ራጂዎች መሃል ያለውን ማዕዘን ለክተው 360ን ለእሱ ያካፍሉ፤ 30 ዲግሪ ከሆነ 12 ናቸው። ጎማው ድፍን ከሆነና በጎኑ ተደጋጋሚ ጎድጓዳ ቁርጦች ካሉበት፣ አየር የማይሞላው የሞትዝ ጎማ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ ተወዳጅ ነበር።

ጽሑፍ የሚገኝባቸው ቦታዎች የሞዞ ክዳን፣ የበሩ መርገጫ ሰሌዳና የፊት ኮፈን ናቸው። መርገጫው ላይ ወይም ኋላ የተለጠፈው ትንሽ ስም አንዳንዴ የሻጩ እንጂ የአምራቹ አይደለም፤ ከተማና መንገድ አብሮ ከተጻፈ የሻጭ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

መለካት

ፎቶ የሚዋሽበት ቦታ ብዙ ቢሆንም የመጠን ንጽጽር በቀላሉ አይዋሽም። መኪናው በጎን ከቆመ የጎማውን ስፋት (በመሃሉ በኩል ከዳር እስከ ዳር) እና ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ርቀት በፒክስል ይለኩ፤ ርቀቱን ለጎማው ያካፍሉ። ጎማው 240 ፒክስል፣ ርቀቱ 696 ፒክስል ቢሆን ውጤቱ 2.9 ነው። ጎማው ላይ «34 በ4» የሚል ጽሑፍ ከታየ 34ቱ የጎማው የውጭ ስፋት በኢንች ነው፤ 34 በ2.9 ሲባዛ 98.6 ኢንች፣ ማለትም 250 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ከካታሎግ ቁጥር ጋር ሲያነጻጽሩ ለስህተት 3 ኢንች ግራና ቀኝ ይተዉ።

መኪናው ገደም ብሎ ከቆመ ጎማው ሞላላ ይሆናል። ብዙዎች እዚህ ላይ የጎማውን ቁመት ወስደው ይሳሳታሉ። መውሰድ የሚገባው አግድም ስፋቱን ነው፤ መኪናው በመዞሩ ርቀቱ በተጨመቀበት መጠን የጎማው አግድም ስፋትም አብሮ ስለሚጨመቅ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ቅርብ ያለው ጎማ ስለሚተልቅ የሁለቱን ጎማዎች አማካይ ይጠቀሙ። መኪናው ወደ ካሜራው በጣም ከዞረ ግን ይህም አይሠራም፤ ያኔ መለካቱን ይተዉት። ሌላው ችግር ባለቤቶች በ34 በ4 ፈንታ 35 በ4½ ያስገጥሙ እንደነበር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቸርኬ ላይ ይገባሉ።

በፍጥነት የሚሄድ መኪና ጎማው ወደ ፊት የተጋደመ ሞላላ ሆኖ ከወጣ የካሜራው መጋረጃ ሥራ ነው እንጂ የመኪናው ቅርጽ አይደለም።

ዓመቱን ማጥበብ

ሁለት ዓመቶች አሉ፤ መኪናው የተሠራበትና ፎቶው የተነሳበት። ኤሌክትሪክ መኪና ዕድሜው ረጅም ስለሆነ በሁለቱ መካከል 10 እና 15 ዓመት ሊኖር ይችላል። የሚቀየሩ ነገሮች፣ ማለትም ጎማ፣ መብራት፣ ታርጋና የሰዎቹ ልብስ፣ ስለ ፎቶው ይናገራሉ። ሻንሲው፣ ማስተላለፊያውና የአካሉ አጽም ስለ መኪናው ይናገራሉ። መኪና አሮጌ ዕቃ ለዓመታት ይዞ ሊዞር ይችላል፣ ገና ያልተሠራ ዕቃ ግን ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ በአጽሙ ላይ ከታዩት ሁሉ አዲሱ ነገር ነው ዓመቱን የሚወስነው።

ታርጋ ትልቅ እገዛ ነው። ኒው ዮርክ ከ1901 ጀምሮ የባለቤቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አስለጥፋለች፣ ከ1903 ወዲህ ባለቤቱ ራሱ የሚያሠራው ቁጥር መጣ፣ መንግሥት የሰጠው ታርጋ የመጣው በ1910 ነው። በቆዳ ላይ የተቸነከሩ የቤት ቁጥር የመሰሉ አሃዞች ከታዩ ከዚያ በፊት ያለው ዘመን ነው። ማሳቹሴትስ ከ1903፣ ፔንሲልቬኒያ ከ1906 ጀምሮ ቀለሙ በብረት ላይ በእሳት የተጋገረ ታርጋ ሰጥተዋል። በብሪታንያ ታርጋ ግዴታ የሆነው ከጥር 1 ቀን 1904 ነው። ፎቶው ፖስት ካርድ ከሆነ ጀርባው ለአድራሻና ለመልእክት በመስመር የተከፈለ መሆኑን ይዩ፤ ይህ በብሪታንያ ከ1902፣ በአሜሪካ ከመጋቢት 1907 በፊት አይገኝም። የቴምብር ቦታው ላይ «ኤዞ» (AZO) የሚል የወረቀት ስም ካለና አራቱም ሦስት ማዕዘኖች ወደ ላይ ካመለከቱ ወረቀቱ በአብዛኛው ከ1904 እስከ 1918 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት ግን ከቆየ ኔጌቲቭ ላይ ዘግይቶ ሊታተም እንደሚችል አይርሱ።

ያልተለመዱት

«እንግዳ ነው» ከማለትዎ በፊት የተለመዱትን ያጥፉ፤ ዲትሮይት፣ ቤከር፣ ራውክ ኤንድ ላንግ፣ ኮሎምቢያ፣ ዌቨርሊ፣ ሚልበርን። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ብቻውን ከ1907 እስከ 1939 ወደ 13,000 መኪና ስለሠራ፣ እንግዳ የመሰለው ነገር የእሱ ያልታወቀ ሞዴል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ የዊሊስና የዶጅ ኮፈን እየገጠመ የቤንዚን መኪና መልክ ያለው ሠርቷል፤ የፊቱ ራዲያተር ለታይታ ነው። በ1914 ዲትሮይት ከፊትም ከኋላም ወንበር የሚነዳ ዝግ መኪና አቅርቧል፤ ኦሃዮ ኤሌክትሪክም ተመሳሳይ ነበረው። ስለዚህ ሁለት ጥንድ ዘንግ ማየት አያስደንግጥዎ።

ከእነዚህ ውጭ የሚገኙት በአብዛኛው ልዩ አገልግሎት ያላቸው ናቸው። ቅርጫት የመሰለ በሸምበቆ የተሠራ ባለ ሁለት ሰው ጋሪ፣ ዙሪያው የዘንባባ ዛፍና ያጌጠ የስፓኝ ዓይነት ሕንፃ ካለ፣ በ1915 በሳንዲዬጎ ኤግዚቢሽን ላይ በሰዓት አንድ ዶላር ይከራይ የነበረው ኤሌክትሪኬት ነው። በዋሺንግተን የምክር ቤት ሕንፃ ሥር ባለው መተላለፊያ በ1909 ሴናተሮችን ያመላለሱት የስቱድቤከር መኪናዎች ሳይዞሩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዱ ነበር። በ1897 ለንደን የወጣው የበርሲ ታክሲ ጥቁርና ቢጫ ቀለም ነበረው፤ በፎቶ ላይ ሁለቱም ጠቁረው ይታያሉ። ጥይት የመሰለ መኪና ላይ ሰው ከወገቡ በላይ ወጥቶ ከተቀመጠ በሚያዝያ 1899 በአሼር በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር የሮጠው የካሚል ዤናዚ መኪና ሊሆን ይችላል፤ ሰውነቱ ጨርሶ ውስጥ ከገባ ግን በ1902 የታየውን የቤከር ቶርፔዶ ያስቡ። እውነተኛ የሞተር ኮፈን እያለው በዝርዝሩ ኤሌክትሪክ ነው የተባለ መኪና ሲገጥምዎ ደግሞ የቺካጎው ዉድስ በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሠራውን፣ ትንሽ የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር ያጣመረ መኪና ያነጻጽሩ።

የፋብሪካ ፎቶዎች ላይ በብሩሽ የተነካካ ይበዛል። ዙሪያው ነጭ ሆኖ ከተሸፈነና የጎማው ጠርዝ በቀለም የተሳለ ከመሰለ፣ እዚያ ያለውን መስመርም ሆነ ፊደል እንደ ማስረጃ አይቁጠሩ።

ስሙ ላይ መድረስ

አሁን ዝርዝርዎን ይዘው ይፈልጉ። «አሮጌ ኤሌክትሪክ መኪና» ብሎ ከመፈለግ ይልቅ ፎቶው የተነሳበትን ከተማ፣ የሻጩን ስምና የዓመቱን ክልል ማስገባት ያዋጣል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የፎቶ ስብስብ፣ የዲትሮይት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአውቶሞቢል ክፍል፣ ለፈረንሳይ ደግሞ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ጋሊካ በነፃ ይታያሉ። የፓተንት ሥዕሎች ለኃይል ማስተላለፊያና ለመሪ ዘንግ ቅርጽ ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻሉ ናቸው፤ ማስታወቂያ መኪናውን አርዝሞ ሰዎቹን አሳንሶ ይስላል።

ዕጩ ስም ሲገኝ ለብቻቸው የቆሙ ቢያንስ ሦስት የብረት ምልክቶች መግጠም አለባቸው፤ ለምሳሌ የራጂ ቁጥር፣ የባሌስትራ አያያዝና የርቀቱ ንጽጽር። የመስኮት ቅርጽና የፓራፋንጎ ጥምዝ ከሦስቱ አይቆጠሩም። በሻንሲው ላይ አንድ የማይገጥም ነገር ካለ ዕጩው ይውደቅ፤ በጎማ ወይም በመብራት ላይ ከሆነ ግን ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በማስታወሻ ብቻ ይያዝ።

መግለጫውን ሲጽፉ ደረጃውን ለዩ፦ «በሞዞ ክዳኑ ጽሑፍ የተረጋገጠ»፣ «በሦስት ምልክቶች ሊሆን የሚችል»፣ «አምራቹ ያልታወቀ፣ የአሜሪካ፣ ኃይል በካቴና ሳይሆን በዘንግ የሚተላለፍለት፣ ከ1910 በኋላ»። ሦስተኛውም ሙሉ መልስ ነው። ለሙዚየም ሲልኩ ሙሉውን ስካን፣ የጀርባውን ስካን፣ የሞዞውንና የአክስሉን ተቆራጭ፣ እንዲሁም የለኩትን ቁጥር ከነፒክስሉ ይላኩ፤ የራስዎን ግምት ግን ከሁሉም በታች ለብቻው ያስፍሩት፤ መርማሪው በራሱ ዓይን ከጀመረ በኋላ ነው ሊያነበው የሚገባው።